የሜታዶን ክሊኒክ፦ የኦፒዮይድ ሱስ ተመላላሽ ሕክምና እንዴት ተቋም ሆነ

በአሜሪካ ከተሞች ጎህ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በሩን የሚከፍት የሕክምና ቤት አለ። ሥራ ከመግባታቸው በፊት የሚደርሱት ታካሚዎች ግንበኞች፣ ሾፌሮች፣ የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ናቸው። ተራው የደረሰው ሰው ወደ መስኮቱ ይጠጋል፤ ነርሷ ማንነቱን ታረጋግጥና በትንሽ ኩባያ የተለካ ፈሳሽ ታቀብለዋለች። እዚያው ፊቷ ይጠጣዋል፤ መዋጡ እንዲታወቅም አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። በማግስቱም ይመለሳል።

ፈሳሹ ሜታዶን ነው፤ ሄሮይንን፣ ፌንታኒልን ወይም በሐኪም የሚታዘዙ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን ለለመደ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት። ይኸው መድኃኒት ለካንሰር ሥቃይ ወይም ለከባድ የወገብ ሕመም ሲታዘዝ ከሰፈር ፋርማሲ ይገዛል። ለሱስ ሕክምና ሲሆን ግን ልዩ ፈቃድ ካለው ከዚህ ቤት ውጭ ታካሚው እጅ አይገባም። አንድ መድኃኒት ሁለት በር እንዲኖረው ያደረገው ተቋሙ ሲወለድ የከበበው ፍርሃት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምከተለውም የዚያን ፍርሃት ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሐኪሙ የተከለከለበት ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሞርፊንና ኦፒየም እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይሸጡ ነበር። ለሕፃናት ማስታመሚያ በሚባሉ ሽሮፖች ውስጥ ሳይቀር ይገኙ ነበር። ሱስ የያዛቸው ብዙዎቹ መርፌውን ከሐኪም እጅ የተቀበሉ፣ የተደላደለ ኑሮ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ሄሮይንን ለሳል ይረዳል ብሎ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን ሱስ የጸናበት ሰው ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፣ ሐኪሙም መጠኑን ለክቶ ይሰጠዋል፤ ነገሩ በሁለቱ መካከል ያልቃል።

ይህን ግንኙነት የቆረጠው በ1914 የወጣው የሃሪሰን ሕግ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ የግብር ሕግ ነበር፤ ሐኪም በሙያው ወሰን ውስጥ እስከሠራ ድረስ ማዘዝ ይችላል ይላል። ጥያቄው ግን ሱሰኛን በመድኃኒት ማቆየት የሙያው ወሰን ውስጥ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሆነ። በ1919 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዌብ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ የለመደውን ሰው ሐራራውን ለማስታገስ ብቻ የሚጻፍ ማዘዣ የሐኪም ማዘዣ ሊባል አይችልም አለ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ይከሰሱና ይታሰሩ ጀመር፤ ያልታሰሩትም በራቸውን ዘጉ።

ያን ጊዜ የከተማ ጤና ቢሮዎች አንድ ነገር ሞከሩ። ከ1919 ጀምሮ ወደ 40 በሚጠጉ ከተሞች የናርኮቲክ ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ የዛሬው ተመላላሽ ክሊኒክ የመጀመሪያ ቅድመ አያቶች እነዚህ ናቸው። በኒው ዮርክ የወርዝ ጎዳናው ክሊኒክ በጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወረረው፤ ዝግጅት ስላልነበረው ሥርዓት አጣና በ1920 ተዘጋ። በሉዊዚያና ግዛት የሽሪቭፖርት ክሊኒክ ግን በአግባቡ ይሠራ ነበር። ታካሚው ይመዘገባል፣ ይመረመራል፣ ሥራ እንዲይዝ ይጠበቅበታል፤ የከተማው ሹማምንትም ይደግፉት ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ እርሱንም በ1923 አዘጋው። በደህና የሠራውና ያልሠራው ተለይቶ አልተመዘነም። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል በአሜሪካ ለሱስ ተመላላሽ ሕክምና የሚባል ነገር ጠፋ ማለት ይቻላል።

ቦታውን የወሰደው ማራቅ ነው። በ1935 በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን፣ በ1938 ደግሞ በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ፣ መንግሥት የናርኮቲክ እርሻ ተብለው የተጠሩ ሁለት ግዙፍ ተቋማት ከፈተ። ግማሽ ሆስፒታል፣ ግማሽ ወህኒ ቤት ነበሩ፤ እስረኛውም በፈቃዱ የመጣውም እዚያው ይገባል። ንጹሕ አየር፣ የእርሻና የእጅ ሥራ፣ ምክር ይሰጣል። ሰውነቱ ከመድኃኒቱ ይጸዳል፤ ከወራት በኋላ ወደ መጣበት ሰፈር ይሸኛል። አብዛኛው አገረሸበት። ሌክሲንግተን ለሳይንሱ ያበረከተው ትልቅ ነው፤ ሜታዶን ሐራራንና የመቋረጥ ሕመምን እንደሚያቀል በአሜሪካ የተጠናው በ1940ዎቹ መጨረሻ እዚያ ነበር። ተቋሙ እንደ ሕክምና ቤት ግን መሠረታዊ ችግር ነበረበት። በሽታው የሚያገረሸው ታካሚው በሚኖርበት ሰፈር፣ በሚውልበት ጎዳና ሲሆን ሕክምናው የሚሰጠው ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር።

2. ስድስት ሳምንት አልጋ፣ ከዚያ ኩባያ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄሮይን ወጣቶችን ከሚገድሉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ነበር። በጉበት በሽታ የሚሞተው፣ በወህኒ የሚመላለሰው ብዙ ነው። በሮክፌለር የምርምር ተቋም የሰውነትን ኬሚካላዊ ሂደት ያጠኑ የነበሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶል፣ ሌክሲንግተን የሠሩትንና ሱሰኛ ሕመምተኛ ነው ብለው መጽሐፍ የጻፉትን የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ማሪ ናይስዋንደርን ወደ ምርምሩ ጋበዙ። ወጣቷ ሐኪም ሜሪ ጂን ክሪክም ተጨመሩ። ሥራው በ1964 ተጀመረ።

መጀመሪያ የሞከሩት ሞርፊንን ነበር። ታካሚዎቹ ወይ ያንቀላፋሉ፣ ወይ የሚቀጥለውን መርፌ ይጠብቃሉ፤ መጠኑም እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ሜታዶን ሲያዛውሯቸው ነገሩ ተለወጠ። ሜታዶን በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የሕመም ማስታገሻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በአፍ ይወሰዳል፣ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። መጠኑ በሚገባ ከፍ ብሎ ሲረጋ ታካሚው አይሰክርም፣ አያንቀላፋም፣ ሐራራውም ይለቀዋል፤ በላዩ ሄሮይን ቢወጋ እንኳ የሚፈልገውን ስሜት አያገኝም። ቀኑን ሙሉ ስለ መርፌ ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ማውራት ጀመሩ።

ዶልና ናይስዋንደር በ1965 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የ22 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ አንድ ተቋም ግን በውስጡ ነበረ። በእቅዳቸው ታካሚው መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ተኝቶ መጠኑ ይስተካከልለታል፤ ቀጥሎ ቤቱ እየኖረ በየቀኑ ለመድኃኒቱ ይመላለሳል፤ ኑሮው ሲረጋ እንደ ማንኛውም የረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ይታያል። በዚህ እቅድ ውስጥ ተመላላሹ ክፍል ዋናው ነው፣ አልጋው መግቢያ ብቻ ነው። የፌዴራል ናርኮቲክስ ቢሮ ሥራው ሕግ የጣሰ ነው እያለ ቢያስፈራራም ተመራማሪዎቹ አላቆሙም። የሐኪሙ የቆየ ሥልጣን፣ ለክቶ የመስጠት ሥልጣኑ፣ ከ40 ዓመት በላይ ተነጥቆ ሲመለስ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

3. ከአንድ ሆስፒታል ወደ ከተማ

ሮክፌለር የምርምር ቤት ነው፣ ሺህ ሰው የሚያስተናግድ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ወደ ማንሃተን ቤተ እስራኤል ሆስፒታል ተሻገረ፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ውጤቱን እንዲገመግም ተመደበ። ይህ ገለልተኛ ግምገማ ለተቋሙ ዕድሜ ሰጥቶታል። የታካሚው ሥራ መያዝ፣ የእስሩ መቀነስ፣ በሕክምናው መቆየቱ በቁጥር ሲታይ የከተማ ምክር ቤቶች ገንዘብ ለመስጠት ደፈሩ።

በ1968 ቺካጎ ውስጥ በዶክተር ጀሮም ጃፊ መሪነት የተጀመረው የኢሊኖይ ፕሮግራም ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ሜታዶን፣ የጋራ መኖሪያ ሕክምናና ምክር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሆናሉ፣ ታካሚው ለእርሱ ወደሚስማማው ይላካል። ስድስት ሳምንት መተኛቱም እየቀረ መጣ። መጠኑን በጥንቃቄ እየጨመሩ ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤቱ እያደረ ማከም እንደሚቻል ታወቀ። አልጋ ከስሌቱ ሲወጣ ወጪው ቀነሰ፤ ተራው የከተማ ክሊኒክ ሊስፋፋ የቻለውም በዚህ ነው።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። በ1969 በከተማዋ እስር ቤት የገቡ ሰዎች ሽንት ሲመረመር ግማሽ ሊሆን ጥቂት በቀረው ውስጥ ሄሮይን ተገኘ። በ1970 መጀመሪያ የከተማው መስተዳድር የናርኮቲክ ሕክምና አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በየሰፈሩ ክሊኒክ ከፈተ፤ መሪው ዶክተር ሮበርት ዱፖን ነበሩ። ወንጀል ሲቀንስ የታየበትን የዲሲን ተሞክሮ ዋይት ሐውስ በቅርብ ይከታተል ነበር። በዚያው ላይ በቬትናም ያሉ ወታደሮች ሄሮይን መልመዳቸው ተሰማ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በሰኔ 1971 ልዩ የፌዴራል ቢሮ አቋቁመው ጃፊን ሾሙ። በ1968 ጥቂት መቶ የነበሩት የሜታዶን ታካሚዎች በ1973 ከ70 ሺህ በላይ ሆኑ።

ልብ ሊባል የሚገባው የገንዘቡ ምክንያት ነው። ብዙ የምክር ቤት አባላት የፈረሙት ወንጀል እንዲቀንስ እንጂ ሕመምተኛው እንዲድን አልነበረም። ተቋሙ በአምስት ዓመት ውስጥ አገር አቀፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲጠበቅ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

4. ካዝናው፣ መስኮቱ፣ ደንቡ

ፈጣኑ መስፋፋት ጉዳት ነበረው። አንዳንድ ሐኪሞች ያለ ምርመራ ሰጡ፤ ጠርሙሶች ወደ መንገድ ወጡ፤ ያልለመዱ ሰዎች፣ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ያገኙ ሕፃናትም ጭምር ሞቱ። ሜታዶን ላልለመደ ሰው ገዳይ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በታኅሣሥ 1972 ዝርዝር ደንብ አወጣ፤ በ1974 የወጣው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ክሊኒክ ከመድኃኒት ቁጥጥር ፖሊስ የተለየ ምዝገባ እንዲያገኝ አስገደደ።

የዛሬው ክሊኒክ ቅርጽ ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች የወጣ ነው። ማን ሊገባ እንደሚችል፣ ሱሱ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት፣ የመጀመሪያው ቀን መጠን ስንት እንደሆነ፣ ሽንት በየስንት ጊዜው እንደሚመረመር፣ ካዝናው ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን፣ ታካሚው ከስንት ወር በኋላ አንድ ጠርሙስ ይዞ መሄድ እንደሚችል ሳይቀር ተጻፈ። በሌላ ሕክምና ሐኪሙ የሚወስነውን እዚህ ደንቡ ይወስናል። ሁለት አለቃ ያለው ቤት ሆነ፤ ጤና ጥበቃ በአንድ በኩል፣ ፖሊስ በሌላ በኩል። የጠፋች ጠርሙስ ወዲያው ሪፖርት ይደረግባታል፤ የጠፋን ታካሚ በዚያው ጥብቅነት የሚፈልግ ደንብ ግን አልተጻፈም። እኔ ይህን የተቋሙ ዋና ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን ደንቡ አብሮት አላለፈም።

በጎ ጎንም አለው። በዚያው ዘመን የወጣው የፌዴራል የምሥጢር ጥበቃ ሕግ የሱስ ታካሚን ፋይል ከተራ የሕክምና ፋይል ይበልጥ ጠበቀው። ፖሊስ ክሊኒክ ገብቶ ዝርዝር አምጡ ማለት አይችልም። ይህ ባይኖር ኖሮ ብዙዎች በሩን አይረግጡም ነበር።

5. ክሊኒኩ እንዴት ይሠራል

አንድ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ሐኪም ወይም ከፍተኛ ነርስ ይመረምረዋል፣ የሚወስደው ነገር በሽንት ይታያል፣ ሌላ የሚውጠው መድኃኒት ይጠየቃል። በተለይ እንደ ቫሊየም ያሉ ማረጋጊያዎችና አልኮል ከሜታዶን ጋር ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉና ይህ ጥያቄ የይስሙላ አይደለም። የመጀመሪያው መጠን ለረጅም ዓመታት ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ይጨመራል።

ቀስ የሚባልበት ምክንያት አለ። ዛሬ የተጠጣው ነገ ሙሉ በሙሉ ከሰውነት ስለማይወጣ፣ ያው መጠን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይከብዳል። ሐራራው ስላልለቀቀው ከውጭ የሚጨምር ሰው በዚህ ሳምንት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ነርሷ መጠኑን ከማቅረቧ በፊት ዓይኑን ታያለች፣ ንግግሩን ትሰማለች፤ ካንቀላፋ መጠኑን ትይዛለች፣ ሐኪም ትጠራለች። ከውጭ ለሚያይ መስኮቱ የማቀበያ ቀዳዳ ይመስላል፤ ለጥሩ ነርስ ግን የዕለቱ ምርመራ የሚደረግበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ባለው መካከል ይረጋል፤ ፌንታኒል የለመደ ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። መጠኑ ከፍ ሲል የልብ ምት ምርመራ ይደረጋል፤ ሜታዶን በአንዳንድ ሰው ላይ የልብን ኤሌክትሪካዊ ሥርዓት ያዛባልና።

እያንዳንዱ ታካሚ አማካሪ አለው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ስለ ልጆች አሳዳጊነት የሚነጋገረው ከእርሱ ጋር ነው። የረጋ ሰው ወደ ቤት የሚወስደው መጠን በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ይሰጠዋል። ከክሊኒኩ በላይ አራት ተቆጣጣሪ አለ፦ የፌዴራል የሱስና የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት፣ የመድኃኒት ቁጥጥር ፖሊስ፣ የግዛቱ ባለሥልጣን፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ጥራትን የሚመዝን ገለልተኛ እውቅና ሰጪ። በ2001 ዋናው ቁጥጥር ከምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት መዛወሩ ትንሽ የቢሮ ለውጥ ቢመስልም፣ ተቋሙን ከጥበቃ ወደ ሕክምና ያቀረበ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ነበር።

6. የተረሱት ዓመታት

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፖለቲከኞች ፊታቸውን አዞሩ። በ1981 የፌዴራሉ ገንዘብ ለግዛቶች በጅምላ ይሰጥ ተባለ፤ ብዙዎቹ ለሜታዶን የሚሰጡትን ቀነሱ። ክፍተቱን ለትርፍ የሚሠሩ የግል ክሊኒኮች ሞሉት፤ ታካሚው በየሳምንቱ ከኪሱ ይከፍላል፣ ያጣ ቀን ይቋረጥበታል። ሰፈሮችም ክሊኒክ አንፈልግም አሉ፤ ስለዚህ ከባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ ከመጋዘኖች መካከል፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ተተከሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የመጠኑ ነገር ነው። ብዙ ክሊኒኮች ሜታዶን መጠኑ ሲያንስ ይሻላል በሚል እምነት ከሚያስፈልገው በታች ይሰጡ፣ ቶሎም ይቀንሱ ነበር። ሐራራው ያልለቀቀው ሰው ውጭ ይፈልጋል፤ ሽንቱ ሲመረመር ይያዛል፤ በቅጣት ይባረራል። ሕክምናው አልሠራለትም ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን ሕክምናውን በሙሉ መጠኑ አላገኘም ነበር።

ተቋሙን እንደገና ያስታወሰው ኤችአይቪ ነው። በ1980ዎቹ ቫይረሱ በመርፌ ሲዛመት በሜታዶን ላይ የቆዩ ሰዎች ከውጭ ካሉት በእጅጉ ያነሰ እንደሚያዙ ታየ። በ1987 በኒው ዮርክ የሪከርስ ደሴት እስር ቤት ታሳሪዎች ሜታዶናቸው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል፣ ሲወጡም ወደ ክሊኒክ እንዲዛወሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀመረ። በ1997 የብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉባኤ ሱስ የሚታከም የአንጎል ሕመም መሆኑን ገልጾ የማያስፈልገው ደንብ እንዲነሣ ጠየቀ። በተከታዩ ዓመት የኒው ዮርክ ከንቲባ የከተማውን የሜታዶን ሕክምና አስቀራለሁ ብለው ተነሡ፤ ከወራት በኋላ ግን ሐሳባቸውን ተዉ።

7. ሁለተኛው መድኃኒት

ቡፕረኖርፊን በ1960ዎቹ በእንግሊዝ የተሠራ መድኃኒት ነው። እንደ ሜታዶን ሐራራን ያስታግሳል፤ ከአንድ ልክ በኋላ ግን ቢጨመርም ትንፋሽን የመጫን ኃይሉ ብዙም አያድግም። ይህ ባሕርይው ለተቋሙ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መድኃኒቱ ራሱ ጠባቂ ስለያዘ ካዝናና መስኮት አያስፈልገውም ማለት ነውና። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም እንዲያዝዘው ፈቀደች፤ በ1995 እና በ1999 መካከል ከመጠን ባለፈ ኦፒዮይድ የሚሞተው ሰው በአምስት እጅ አራቱ ያህል ቀነሰ።

አሜሪካ በ2000 ሕግ አውጥታ በ2002 መድኃኒቱን ፈቀደች። ሐኪሙ ግን ሥልጠና ወስዶ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ መጀመሪያ ከ30 ሰው በላይ ማከም አይችልም ነበር። ማስታገሻ ክኒን በገፍ ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ የማያስፈልገው ሐኪም፣ ክኒኑ ያመጣውን ሱስ ለማከም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ያ ፈቃድ የተነሣው በ2022 መጨረሻ ነው።

በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል የተሠራው ልዩነት የዘርም ሆነ። ኢንሹራንስ ያለው ነጭ አሜሪካዊ ቡፕረኖርፊኑን ከግል ሐኪም ቢሮ ይቀበላል፤ ጥቁሩና ላቲኖው በብዛት በንጋቱ ሰልፍ ላይ ቀረ። ይህ በተደጋጋሚ የተጠና እውነት ነው፤ ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ ለሁለት መከፈሉ ሊያሳፍረን ይገባል።

8. ከአሜሪካ ውጭ

ሆንግ ኮንግ በ1970ዎቹ ቀላል በር ያለው ሥርዓት ዘረጋች፤ የመጣ ሁሉ በዚያው ቀን ይታከማል፣ ክፍያው ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም። አምስተርዳም በ1979 ሜታዶንን በአውቶቡስ ወደ ሰፈሮች ወሰደች። በብሪታንያ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ታካሚው ኩባያውን ከሰፈሩ ፋርማሲስት ፊት ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱንም መድኃኒቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ።

በአፍሪካ ሞሪሸስ በ2006 ቀደመች። በየካቲት 2011 ዳሬሰላም የሚገኘው የሙሂምቢሊ ብሔራዊ ሆስፒታል ክሊኒክ ተከፈተ፤ ሄሮይን ከእስያ በባሕር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ መግባቱ ያስከተለው ፍላጎት ነበር። ኬንያና ሴኔጋልም ተከተሉ። ዳሬሰላም ላይ ሕክምናው ከኤችአይቪና ከሳንባ ነቀርሳ ክትትል ጋር የተያያዘ ነው፤ መድኃኒቱን ሊጠጣ የመጣ ሰው የሌላውንም ሕመም ሕክምና ያገኛል። አሜሪካ በብዙ ውጣ ውረድ የደረሰችበትን አንዳንዱን ነገር እነዚህ ከጅምሩ ይዘው ተነሡ።

ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በአገራችን ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ሱስ በአብዛኛው የጫትና የአልኮል ነው፤ ሜታዶንም ሆነ ቡፕረኖርፊን ለእነዚያ መድኃኒት አይደሉም። ትራማዶልን ያለ ሐኪም ለለመደ ወጣት ግን ጉዳዩ ይመለከተዋል፤ ትራማዶል ኦፒዮይድ ነውና።

9. ዛሬ ያለበት

በ1996 ኦክሲኮንቲን ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የማስታገሻ ክኒኖች ሱስ አገሪቱን አዳረሰ፤ ቀጥሎ ሄሮይን፣ ከ2013 ገደማ ወዲህ ፌንታኒል መጣ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከመጠን ባለፈ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ 80 ሺህ ያህሉ በኦፒዮይድ ነው። ክሊኒኮቹ ከ2,000 በላይ ሆነዋል፤ በ2019 በሜታዶን ላይ የነበሩት ታካሚዎች ወደ 400 ሺህ ይጠጉ ነበር። ከችግሩ ጋር ሲመዘን ጥቂት ነው።

ሕክምናው ሕይወት ማትረፉ አከራካሪ አይደለም። በ2017 የታተመ የብዙ አገር ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ በሜታዶን ሕክምና ላይ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህል ሲሞቱ ሕክምናውን ካቋረጡት ግን 36 ያህል ይሞታሉ። ከሕክምና መውጣት፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እጅግ አደገኛ ነው። በጥቃቅን ጥፋት ታካሚን ማባረር ምን ማለት እንደሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል።

ትልቁ መላላት የመጣው ከኮቪድ ነው። በመጋቢት 2020 ሰልፍ አደገኛ ሲሆን መንግሥት የረጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደ። ለ50 ዓመት የተፈራው የሜታዶን ወደ መንገድ መጉረፍ አልመጣም። በ2021 መድኃኒቱን ወደ ሰፈር የሚያደርሱ የክሊኒክ መኪኖች እንደገና ተፈቀዱ፤ በ2024 ደግሞ አዲሱ የፌዴራል ደንብ መላላቱን ቋሚ አደረገው። ሱሱ አንድ ዓመት ይሙላ የሚለው ቅድመ ሁኔታ ቀረ፤ የመጀመሪያው ቀን ልክ ወደ 50 ሚሊግራም ከፍ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 7 ቀን፣ ቀጥሎ እስከ 14፣ ከአንድ ወር በኋላ እስከ 28 ቀን የሚሆን መስጠት ተፈቀደ። ፈቀደ እንጂ አላስገደደም፤ ግዛቶችና ክሊኒኮች የራሳቸውን ጥብቅ ደንብ ይዘው መቀጠል ይችላሉ፣ ብዙዎችም ይዘዋል።

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልጁ ወይም ወንድሙ በፌንታኒል የተያዘበት ቤተሰብ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። እፍረቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በማኅበረሰባችን እንዲህ ያለ ነገር ከጎረቤት ይደበቃል። የታካሚው ፋይል ግን በሕግ የታሸገ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እድርም አይሰማም።

በኮንግረስ አሁን የሚከራከሩት ሐኪም ለሱሰኛ ማዘዝ ይችላል ወይ የሚለውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ነው። የሱስ ሕክምና ስፔሻሊስት ሜታዶን ጽፎ ታካሚው ከፋርማሲ እንዲወስድ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ እስካሁን አላለፈም። የክሊኒኮቹ ማኅበር ይቃወመዋል፤ ምክርና የዕለት ክትትል የሌለው ሜታዶን አደጋ ነው ይላል። ሐኪሞቹና ብዙ ታካሚዎች ደግሞ በገጠር ያለ ሰው በየማለዳው ሰዓታት እየነዳ ሥራ ሊይዝ አይችልም ይላሉ። እኔ የምወግነው ከሁለተኞቹ ጋር ነው። ክሊኒኩ ገና ላልረጋው፣ ቤት ለሌለው፣ በየቀኑ አይቶ የሚጠይቀው ሰው ለሚያስፈልገው ይቆይ፤ አሥር ዓመት የረጋችው እናት ግን መድኃኒቷን የደም ግፊት ክኒኗን ከምትወስድበት ፋርማሲ ትውሰድ።